«ረስታው ብትኖር ይሻላት ነበር» ለምትሉኝ ሁሉ

ማስጠንቀቂያ፦ «ጎብሊን»ን ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። መጨረሻውን ሳይቀር ነው የምዘረግፈው። ድራማው ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን ካላያችሁት የኔ ጥፋት አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ክፍል 13ን እና 14ን እንደገና አየሁና «ይሄ ምሕረት አይደለም፣ ዝርፊያ ነው» ብዬ አንድ መስመር ለጠፍኩ። አንድ መስመር ብቻ! የወረደብኝን ኮመንት ያያችሁ አይታችኋል። «ቲቸር ፊልም እኮ ነው፣ ተረጋጋ» ያላችሁኝን ይቅር ብያለሁ። «በዲፕሎማ ፍልስፍና ተጀመረ» ያልከኝ ልጅም አውቄሃለሁ፣ ሁለተኛ ወንበር መስኮቱ ጋ ነበር የምትቀመጠው። ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። አሁን ነርስ የሆነች፣ በጣም የማከብራት የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ስቃይዋን ነው እኮ የወሰዱላት፤ ረስታው ብትኖር ይሻላት ነበር» ብላ ጻፈች። የላይኩ ብዛት! ግማሹ የጓደኛ ዝርዝሬ እዚያ ሥር ተሰልፏል። ስለዚህ ለእሷም፣ ለላይክ አድራጊዎቿም በዲፕሎማዬ ልመልስ።

መጀመሪያ ለረሳችሁት ላስታውስ (መርሳት እንደዚህ ነው፣ ሌላ ሰው ያስፈልጋል)። ድራማው በ2009 ዓ.ም. በኮሪያው ቲቪኤን የታየ፣ 16 ክፍል ያለው፣ ኪም ኡን ሱክ የጻፈችው ነው። ኪም ሺን የድሮ የጎርዮ ዘመን የጦር አለቃ ነው። ንጉሡ በቅናት ታውሮ፣ በክፉ አማካሪ ተነድቶ ያስገድለዋል። እሱ ግን ሰይፉ ደረቱ ላይ እንደተሰካ 900 ምናምን ዓመት ይኖራል። ሰይፉን ማየትና መንቀል የምትችለው የጎብሊኑ ሙሽራ ብቻ ናት፤ ሲነቀል ደግሞ እሱ ይጠፋል። ሙሽራዋ ኡን ታክ ናት። የመሰናዶ ተማሪ መሆኗ እኔን እንደ መምህር ሁልጊዜ ያበሳጨኛል፣ እሱን ሌላ ቀን እንጣላበታለን።

ክፍል 13 ላይ ያ የድሮ አማካሪ መንፈስ ሆኖ ኡን ታክ ውስጥ ይገባል። ኪም ሺን እሷን ለማትረፍ እጇን ይዞ በእጇ ሰይፉን ያስነቅላል፣ መንፈሱን ይገድላል፣ ከዚያ እቅፏ ውስጥ አመድ ሆኖ ይበተናል። እስከዚህ ድረስ ምንም ቅሬታ የለኝም። አለቀስኩ፣ አፍንጫዬን ጠረግኩ፣ ቀጠልኩ። ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ዓለም ሁሉ እንዲረሳው ይደረጋል። ኡን ታክ ትዝታዋ እየተነነ መሆኑ ሲገባት ደብተር አውጥታ እየተንቀጠቀጠች መጻፍ ትጀምራለች። ስሙን፣ ቁመናውን፣ ማን እንደሆነ። እየጻፈች ሳለ ትረሳዋለች።

ማንም አልጠየቃትም። እዚህ ላይ ቆማችሁ አስቡ። «ፈቃድሽ ነው ወይ?» ያላት የለም። ፈቃዷን ማወቅ የፈለገ ደግሞ ደብተሩ አለ፤ አልፈልግም፣ አልረሳም የምትለው እኮ በእጇ ጽሑፍ ነው።

ከዚያ 9 ዓመት ያልፋል። ሬዲዮ ጣቢያ ፕሮዲውሰር ሆናለች። ሥራ አላት፣ ራሷን ችላለች። «አያችሁ፣ ረስታ ተቃናላት» የምትሉት ይቺን ነው አይደል? ግን ምን እንደሆነች አይታችኋል ወይስ ፍላሹን እያዘለላችሁ ነው ያያችሁት? ልጅቷ ታለቅሳለች። ለምን እንደምታለቅስ አታውቅም። በዚያ ድራማ ውስጥ ኪም ሺን ሲያዝን ዝናብ ይዘንባል፤ እሷ ዝናብ ሲዘንብ ሆዷ ይባባል፣ ምክንያቱን ብትፈልግ የለም። ደብተሩን ታገኛለች፣ የራሷ ጽሑፍ ነው፣ ስለማን እንደሆነ ግን አይገባትም። እንግዲህ የትኛውን ስቃይ ነው የወሰዱላት? ሐዘኑ እንዳለ ቁጭ ብሏል። የወሰዱት የሐዘኑን ስም ነው። ሰው ያዘነበትን ነገር ካወቀ ያለቅሳል፣ ይጸልያል፣ መቃብር ይሄዳል፣ ጓደኛው ጋ ሄዶ ቡና ይጠጣል። ካላወቀ ክኒን ይውጣል። 

ሰኒን ደግሞ አትርሱ። ዶሮ ቤቷ ያላት ቆንጆዋ ሰኒ። እሷ አልረሳችም። 9 ዓመት ሙሉ የረሳች መስላ ኖረች። እኔ ይቺ ሴትዮ ለብቻዋ አንድ ድራማ ይገባታል ባይ ነኝ። ሁሉም ሰው «ማን? እንደዚህ የሚባል ሰው የለም» በሚልበት ዓለም ውስጥ ብቻዋን እያወቀች መኖር! ብዙ ሰው ስለ ጎብሊኑ ኮት ነው የሚያወራው።

አሁን ወደ ሻዩ ልምጣ፤ የክርክሩ ቁልፍ እሱ ነውና። መልአከ ሞቱ ሙታንን ተቀብሎ የመርሻ ሻይ ያቀርብላቸዋል። የዚህን ዓለም ሕይወት የሚያስረሳ ሻይ። እናንተ «ምሕረት» የምትሉት እዚህ ጋ ነው፣ እኔም እዚህ ጋ አልጣላችሁም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሻዩ ይቀርባል እንጂ በግድ አይጋትም። ሁለተኛ፣ ያው ድራማ ራሱ መልአከ ሞቶቹ እነማን እንደሆኑ ይነግረናል፤ በቀድሞ ሕይወታቸው ከባድ ኃጢአት የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውንም ትዝታቸውንም ተነጥቀው ነው የሚያገለግሉት። ሰው አስገዳዩ ንጉሥ ራሱ ስሙን የማያውቅ መልአከ ሞት ሆኖ ነው የቀረው። እና እንዴት ነው ለንጉሡ ቅጣት የሆነው ነገር ለኡን ታክ ስጦታ የሚሆነው? ደራሲዋ ልዩነቱን በደንብ ነው የምታውቀው። የማታውቁት እናንተ ናችሁ።

ይሄ ነገር ደግሞ የኮሪያ ብቻ አይደለም። «ሱፐርናቹራል»ን በዲቪዲ ዘመን የተከታተላችሁ የኔ እኩዮች ሲዝን 6 ክፍል 21ን ታስታውሳላችሁ። ዲን ሊሳንና ልጇን ቤንን ለመጠበቅ ብሎ መልአኩን ካስትየልን «እኔን አስረሳቸው» ይለዋል። አብረው ቤት ይዘው አንድ ዓመት የኖሩ ሰዎች! ከዚያ ሆስፒታል ገብቶ «በመኪና የገጨኋችሁ ሰውዬ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» ይላቸዋል። ወንድሙንም ስማቸውን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ ብሎ ያስፈራራዋል። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ «ኧረ እንዴት ይወዳታል!» ሲል ነበር። ይወዳታል እንዴ? ያ ልጅ ከአባት ያልተናነሰ ሰው ነው የተሰረቀው። ዲን የተገላገለው የራሱን ጸጸት ነው፣ ዋጋውን ግን እነሱ ከፈሉ።

መርካቶ ያደገ ሰው ይሄን ለመረዳት ድራማም አያስፈልገውም። አእምሮህን ወስዶ በፈቃድህ ያደረግከው የሚያስመስል ነገር እኛ ጋ ስም አለው፤ አፍዝ አደንግዝ ይባላል። ወርቋን በገዛ እጇ አውልቃ ሰጥታ፣ አብዱ በረንዳ ላይ ቆማ «ምን እንዳደረግኩ አላውቅም» የምትል ሴት ወሬ ያልሰማ የሰፈሬ ልጅ አለ? እመኑትም አትመኑትም፣ ያን የሚያደርገውን ሰው ሌባ ነው የምንለው። «ሸክሟን አቀለለላት» ያለ እስካሁን አልሰማሁም።

እሺ፣ «ፊልም እኮ ነው» ወዳላችሁኝ። ፊልም ብቻ ቢሆን ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል። በሩ ይንኳኳል። ባለቤቱ ሲከፍት ያን ሁሉ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ያያል፣ ገና ምንም ሳይባል ይገባዋል። ለምን በጠዋት? ለምን በብዛት? ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ሲወድቅ የሚይዘው፣ ሲጮህ አብሮት የሚጮህ እንዲኖር። አያቶቻችን ሳይኮሎጂ ሳይማሩ የሠሩት ነገር ነው፣ ከዚህ የተሻለ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ግን ሌላ ልማድ አምጥተናል። «ፈተና እስኪጨርስ» የሚባል። አረብ አገር ላለችው «ኮንትራቷን እስክትጨርስ»። አሜሪካ ላለው «ወረቀቱ እስኪያልቅለት»። እናቱ ተቀብራ ዓመት ሙሉ «ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው» እየተባለ ዶላር የሚልክ ሰው ስንት አለ? የድምፅ መልእክት ሲልክላት የሚሰማው ማን ነው? ቤት ሙሉ ሰው ከቦ ይሰማና «ንገሩልኝ ትላለች» ብሎ ይመልስለታል። ይሄ ኡን ታክ ላይ ከተደረገው በምን ይለያል? ያው ነው፣ መልአክ የለውም እንጂ።

ከተማሪዎቼ አንዱን ላንሳ። እንዳይታወቅ ነገሩን ቀያይሬዋለሁ፣ እሱም ጻፍ ብሎኛል። ያሳደገችው አያቱ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ታውቃላችሁ። ብርድ ልብሳቸውን ሸክፈው በአውቶቡስ ይሄዳሉ፣ ስልክ አይገባም፣ ፈተናው እስኪያልቅ ከቤት ተቆራርጠው ነው። ይሄ ልጅ በሄደ በማግሥቱ አያቱ አረፈች። ቀብር ላይ ነበርኩ። አጎቱን ለብቻ ወስጄ «በኃላፊዎቹ በኩል መልእክት ይላክለት፣ የሚያደርገውን ራሱ ይወስን» አልኩት። አጎቱ ዓይኔን እያየ «ቲቸር፣ እሷ ለስንት ዓመት የለፋችበትን ዕድል እኔ ልዝጋበት?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ ነው ያለው። በኋላ ስደውልለት «ተመለሰ፣ ነግረነዋል፣ ደህና ነው» አለኝ።

አልነገሩትም። ልጁ ሲመለስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ የዕድሩ ወንበር ተመልሷል፣ ፎቶው ተነሥቷል። «ጠበል ሄዳለች» ተባለ። ውጤት እስኪወጣ ይጠብቁ ብለው ተማማሉ። አሁንም ለእሱ አስበው! ስንት ጎረቤት፣ ስንት ባለሱቅ፣ ስንት የዕድር አባል አፉን ይዞ በአጠገቡ አለፈ። አንድ ቀን ፀጉር ቤት ወረፋ ይዞ ተቀምጦ ከክፍለ ሀገር የመጣ የሰፈር ልጅ ገብቶ «ነፍስ ይማር፣ ሳልደርስ ቀረሁ» ብሎ ጨበጠው። ልጁ ሳቀ። ሰው የተሳሳተ መስሎት። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን አየው፣ ፀጉር አስተካካዩ መሬት መሬት አየ።

እንደዚህ ነው የሰማው። ሙዚቃ እየጮኸ፣ ፎጣ አንገቱ ላይ።

አርባዋ አልፎ ነበር። በኋላ ሲያወራኝ ያለኝን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ሁሉም ሰው አልቅሶ ጨርሷል ቲቸር። እኔ ስጀምር አብሮኝ የሚያለቅስ የለም።»

«ግን ፈተናውን አለፈ?» የምትል ኮመንት እንደምትመጣ አውቃለሁ። አዎ፣ አለፈ። ወደቀ ብላችሁ ክርክሩን ባሸንፋችሁ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አለፈ፣ ጥሩ ነጥብ ነው ያመጣው። እና ምን ይሁን? ያለፈው ልጅ ዛሬ ቤተሰቡ ስልክ ሲደውልለት «ሁሉም ደህና ነው» ሲሉት አያምንም። ዘመዶቹን አንድ በአንድ ስልክ ላይ እንዲያገናኙት ይጠይቃል። ይሄ በየትኛው ሰርተፍኬት ላይ ይጻፋል?

ኮሪያን ካነሣን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ የወጣሁ ይመስላችኋል፣ አልወጣሁም። የጎንግ ዩን ዕድሜ ከነልደት ቀኑ የሚነግሩኝ ተማሪዎች አሉኝ። «ቃኘው ሻለቃስ?» ስላቸው ክፍሉ ጭጭ ይላል። አንዱ «የፈረስ ስም ነው» አለኝ። ሌላው ሳቀበት፣ ግን ልጁ አልተሳሳተም፤ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፣ ለሻለቃው የተሰጠውም ከዚያ ነው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ 6,037 የኢትዮጵያ ወታደሮች በየተራ ኮሪያ ሄደው ተዋግተዋል። ከ120 በላይ እዚያ ሞተዋል፣ አንድም አልተማረከም። ንጉሡም ለተመለሱት መሬት ሰጥተው ኮሪያ ሰፈር የተባለው በእነሱ ስም ነው። ከዚያ ደርግ መጣ። ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ፤ ትግላችን ሐውልት እንኳ በ1977 ዓ.ም. ሲመረቅ በእነሱ እገዛ የተሠራ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሄደው የተዋጉት ሰዎች ሜዳሊያቸውን ደበቁ። በሌላው ዓለም ጫፍ ቹንቾን የምትባል ከተማ በ1960 ዓ.ም. ራሳቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ እዚህ የገዛ ሰፈራቸው ውስጥ ግን «የት? ምን ጦርነት?» እያሉ መኖር ነበረባቸው። ሰኒን አስታወሳችሁ? ሜዳሊያውን ሣጥን ሥር ቀብሮ የረሳ የመሰለ ሽማግሌ ሁሉ ሰኒ ነው።

ያም ሲደረግ «ለሕዝቡ ጥቅም» ተብሎ ነበር። አስረሺዎች «ለራሴ ጥቅም ነው» ብለው አያውቁም እኮ። አጎትየውም፣ ዲንም፣ ደርግም «ለአንተው ብዬ ነው» ይላሉ። ደረጃቸው እንደማይገናኝ አውቃለሁ፣ አጎትየውን ከደርግ ጋር አመሳሰለ ብላችሁ እንዳትከሱኝ። ቃሉ ግን አንድ ነው።

አሁን ለነርሷ ተማሪዬ። ካላችሁኝ ሁሉ ክብደት ያለው ያንቺ ነው፣ በውስጥ መስመር የጻፍሽልኝም ከኮመንትሽ ይበልጣል። ከሰሜኑ ጦርነት የመጡ ሴቶችን ታክሚያለሽ፤ ሌሊት ባንነው የሚጮሁትን፣ «ይሄን ነገር ከጭንቅላቴ አውጡልኝ» ብለው እጅሽን የሚይዙትን ታያለሽ። «አንተ ክፍል ውስጥ ቆመህ ስለ ትዝታ ክብር ታወራለህ፣ እኔ ሻዩ ቢኖረኝ ዛሬውኑ በቴርሞስ ይዤ እዞር ነበር» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። እኔም ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር። ግን አንቺ ራስሽ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። «አውጡልኝ» ነው ያሉሽ። ለምነውሽ ነው። አንዷ ብትመጣና «የሞተው ልጄን መልክ ግን እንዳታጠፊብኝ» ብትልሽ ታጠፊባታለሽ? አታደርጊውም፣ አውቅሻለሁ። ያ ሻይ ነው። የኡን ታክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሷ ደብተር ይዛ እየታገለች፣ ከላይ ሆኖ እጇን የሚያስለቅቃት ኃይል ነው። አንቺ ተኝታ ያለች ታካሚ ላይ ያላስፈረምሽውን ነገር አታደርጊም፣ ለጎብሊን ሙሽራ ግን ፈቀድሽ።

ዘንድሮ ተፈታኝ ልጅ ያላችሁ፣ ቤታችሁም የታመመ ሰው ያለባችሁ፣ ልጁን ከመሄዱ በፊት አስቀምጣችሁ ጠይቁት። «አንድ ነገር ቢፈጠር እንድንነግርህ ትፈልጋለህ ወይስ ጨርሰህ?» በሉት። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ይመልስላችኋል። «ጨርሼ» ካለ ጨርሶ ይስማ፣ ምርጫው የሱ ነው። «ንገሩኝ» ካለ ደግሞ ንገሩት። ይሄን ለማድረግ ጎብሊን መሆን አያስፈልግም።

ስለ መጨረሻው ክፍል አንድ ቅሬታ ቀርቶኛል። ኡን ታክ ሕፃናትን ለማዳን ብላ መኪና ፊት ገብታ ትሞታለች። መልአከ ሞቱ ጋ ትደርሳለች፣ ሻዩ ይቀርብላታል፣ አትጠጣም። በሚቀጥለው ሕይወቷ እንድታስታውሰው ብላ ነው። የድራማው ሁሉ መልስ እዚያች ጋ ነው ያለው፤ ያኔ ሳትጠየቅ የተወሰደባትን አሁን ተጠይቃ አይሆንም አለች። እኔ ሰባተኛ አካባቢ ያስጫንኩት የአማርኛ ትርጉም ግን እዚህ ጋ ሲደርስ ተራኪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሻይ አልፈልግም አለችው።» በቃ! ከዚያ ትዕይንቱ ተቆርጦ ካናዳ ገባን። እንግዲህ እናንተ ይቺን ይዛችሁ ከሆነ የምትከራከሩኝ አልፈርድባችሁም። ያልተቆረጠው ክፍል 16 ያለው ሰው ካለ፣ የግርጌ ጽሑፍ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በቴሌግራም ይላክልኝ። ትልቅ ከሆነ ፍላሽ ይዤ እመጣለሁ።